የጀልባ ቀለም

አሰብ፣ ረቡዕ ኅዳር 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

የመኪናዬ መብራት ዛሬ ተሠራ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

መካኒኩ ዓም ሳልህ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ሽቦ፣ እነሱ ማሳ የሚሉትን፣ ነካ ነካ አደረገና ቡሎኑን ፈታው። "እዚህ ላይ ማነው ቀለም የቀባው?" አለኝ። እኔ ነኝ። የባሕሩ ጨው ቆርቆሮውን እንዳይበላው ብዬ ከአጎቴ ጀልባ የተረፈውን ቀለም፣ ቡሎኑ ሥር ሳይቀር ለቅልቄው ነበር።

"ልጄ፣ ኤሌትሪክ እኮ በቀለም ላይ አያልፍም" አለና ነጩ ብረት እስኪወጣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ሽቦውን መልሶ አሰረው። ሳበራው ቦግ አለ።

"አልሐምዱሊላህ! አሁን በጨለማም እስከ በይሉል መንደር ትደርሳለህ" አለኝ ደስ ብሎት። የባለቤቴ የፋጡማ ቀብር ላይ አብሮን ቆሞ ነበር፤ የመብራቱን ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ወር በይሉል መንደር፣ እናቷ ቤት ሳለን ደም ፈሰሳት። አሰብ ሐኪም ቤት ላደርሳት ተነሣሁ። ከመንደሩ ብዙም ሳንርቅ መብራቱ ደከመ፤ መንገዱ ጠፋኝ። እጄን ይዛ "እንመለስ፣ ሲነጋ እንሄዳለን" አለችኝ። ሳይነጋ ሞተች። እኔ እስከ ዛሬ ባትሪውን ስረግም ከረምኩ።

ቤት ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁት፣ መብራቱን ግን ተውኩት። ደጃፉ ላይ ያለው ነጠላ ጫማዋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባትሪው ካለቀም ይለቅ። ከእንግዲህ በጨለማ የማደርሰው ሰው የለኝም።