ከማደያው ቧንቧ እስከ ድጎማው ኮሚቴ፦ የእትዬ ቤንዚን ሕይወት

እትዬ ቤንዚን ከብስክሌት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ኅዳር 3 ቀን 1956 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ቤቷ ከመናኸሪያው ግድግዳ ጋር የተጣበቀች ስለነበረች፣ የመጀመሪያ ልቅሷቸውን የአንዱ አውቶቡስ ጥሩምባ እንደዋጠው እናታቸው ደጋግመው ይናገሩ ነበር። እሳቸው ደግሞ "እሱ አይደለም የዋጠኝ፣ እኔ ነኝ የዋጥኩት!" ይሉ ነበር። ድምፃቸውን የሰማ ሰው ሁሉ ያምናቸዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። ቁጥር ይወዱ ነበር ማለት ያንሳል። በመስኮት የሚያልፈውን አውቶቡስ ታርጋ እያነበቡ በቃል ይይዙ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ቢጠየቁም አይስቱም። የሒሳብ መምህራቸው "ይቺ ልጅ ወይ ሚኒስትር ትሆናለች ወይ ታሳብደናለች" ማለታቸው በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይወራል። አባታቸው በድንገት ሲታመሙ ግን ትምህርቱ እዚያው ላይ ቆመ።

በ1975 ዓ.ም. በዋናው መንገድ ላይ ባለው ነዳጅ ማደያ በቀጂነት ተቀጠሩ፤ እትዬ ቤንዚን የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸውም እዚያው ነው። ከዚያ በፊት በማደያው ሴት ቀድታ አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ "ቱቦው ከብዷት በሳምንቷ ትሄዳለች" ብለው ነበር። እሳቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ቆዩ፤ በሳምንቱ የሄዱት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፣ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውረው!

እትዬ ቤንዚን ሲቀዱ አንድ ልማድ ነበራቸው። ቱቦውን የመኪናው ነዳጅ ታንክ አፍ ላይ ሰክተው፣ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉና በሹፌሩ መስኮት ጎንበስ ብለው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያነባሉ። "አንተ፣ ዘይት መቀየሪያህ አልፏል!" "ወዴት ብትሄድ ነው በሁለት ቀን ይህን ሁሉ የነዳኸው? ሚስትህ ታውቃለች?" ማንም አይቀየማቸውም ነበር። እንዲያውም ሳያነቡለት የቀሩ ቀን ቅር የሚለው ደንበኛ ሞልቷል።

ባለቤታቸውንም ያገኙት እዚያው ነው። ሚኒባስ ታክሲ የሚነዱት ወጣት ሹፌር ታንኩን አንድ ጊዜ ሞልተው መሄድ ሲችሉ፣ በቀን አራት ጊዜ እየተመላለሱ አምስት አምስት ሊትር ያስቀዱ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ቤንዚን "ወይ ሙላ፣ ወይ የልብህን ተናገር፤ ወረፋ አትያዝብኝ" አሏቸው። ሹፌሩ የልባቸውን ተናገሩ። በ1979 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከዚያ 2000 ዓ.ም. መጣ። ያ ዓመት! የቤንዚን ዋጋ በየወሩ ወደ ላይ ይተኮስ ጀመር። መንግሥት መጀመሪያ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ በማግስቱ ከማደያዎቹ ግማሾቹ "ቤንዚን የለም" የሚል ካርቶን ሰቀሉ። ቀጥሎ ጎዶሎ ታርጋ ሰኞ፣ ሙሉ ታርጋ ማክሰኞ እየተባለ በፈረቃ እንዲቀዳ ታዘዘ። ያኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ተራው በደረሰ ቁጥር፣ ቢያስፈልገውም ባያስፈልገውም እስከ አፉ ይሞላ ጀመር፤ ወረፋው እንዲያውም በእጥፍ ረዘመ። በሦስተኛው ውሳኔ ለሚኒባስ ታክሲዎች ብቻ በኩፖን በርካሽ እንዲቀዳላቸው ሆነ፤ ሕዝቡ በቀድሞው ታሪፍ እንዲሳፈር ታስቦ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ግን ኩፖኑ በመጣ በወሩ ታክሲ የሚባል ነገር ከመንገድ ጠፋ! ነርሶች በእግራቸው ሆስፒታል ይደርሳሉ፣ ተማሪ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይገባል፣ አሮጊቶች ፌርማታ ላይ ቆመው ይውላሉ። ርካሹ ቤንዚን ግን በየቀኑ ይቀዳል፣ ያልቃል።

የነዳጅ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ግራ ቢገባው ከየማደያው አንድ አንድ ተወካይ ድጎማውን ለሚከታተለው ኮሚቴ ጠራ። የማደያው ባለቤት ስብሰባ እንቅልፍ ስለሚያመጣባቸው እትዬ ቤንዚንን ላኩ። በሕይወታቸው የሠሩት ትልቁ ሥራ እንዲህ በሰው ስንፍና ተጀመረ።

አዳራሹ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ግድግዳው ላይ በብርሃን የሚታይ ሠንጠረዥ። ባለሙያዎቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዓለም ገበያ አስረዱ። ኩፖኑ ይጨመር የሚለው ሐሳብ ሊጸድቅ ሲል፣ እትዬ ቤንዚን የማደያውን ሰማያዊ ቱታ እንደለበሱ ተነሡ።

"እናንተ የምትቆጥሩት ሊትሩን ነው። ሊትር ሰው አያሳፍርም" አሉ። "መኪናዎቹ በሳምንት ሦስቴ ይሞላሉ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪያቸው ግን ንቅንቅ አይልም። እኔ ቆሜ አነባለሁ። በርካሽ የቀዱትን ግቢያቸው ውስጥ በላስቲክ ቱቦ እየሳቡ በጄሪካን ይሸጡታል። ቀኑን ሙሉ ከሚለፉ ቁጭ ብለው ቢሸጡ ይሻላቸዋላ! እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሹፌር አውቃለሁ።"

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "የሹፌሩን ስም ይንገሩን" አሉ።

"ስም አልጠራም።"

"ስም ካልጠሩ ወሬ ነው፤ በቃለ ጉባኤ አይያዝም። ኃላፊነት በጎደለው ንግግርም ለቀጣሪዎ ደብዳቤ እንጽፋለን።"

ሦስት ልጅ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። ሥራቸው እዚያች ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያ ሁሉ ፌርማታ ላይ የሚውል ሰውም እንዲሁ። "ስም ብጠራላችሁ አንድ ሰው ታስራላችሁ፣ መንገዱም ባዶውን ይቀራል" አሉ። "እኔን አትመኑ። አንድ መስመር ስጡኝ። ርካሹን ቤንዚን በኩፖን ሳይሆን በምልልስ ልክ እንስጥ። ተራ አስከባሪው በሁለቱም ጫፍ ካርዱ ላይ ማኅተም ይምታ፣ እኛ ማደያ ላይ ከቆጣሪው ጋር እናመሳክር። የሠራ ይቀዳለታል፣ የተኛ በሙሉ ዋጋ ይግዛ። በሁለት ሳምንት ታክሲ ካልመጣ ደብዳቤውን እኔው ራሴ ለቀጣሪዬ እወስደዋለሁ።"

ሊቀመንበሩ ሊሆን አይችልም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከጥግ አንዲት የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ "ጌታዬ፣ ዛሬ እዚህ የደረስኩት ሰባት ኪሎ ሜትር በእግሬ ተጉዤ ነው" አሉ። ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ ያለው መስመር ለሙከራ ተፈቀደ።

የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ነበር። እትዬ ቤንዚን ገና ሳይነጋጋ ገበያው ጫፍ ሄደው ቆሙ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ምንም የለም። አሥራ ሁለት ተኩል፣ አሁንም ምንም! ሊቀመንበሩ የመሥሪያ ቤቱን መኪና አቁመው በመስኮት ያያሉ። ከዚያ ከማዞሪያው አንድ ሚኒባስ ብቅ አለ፤ የሚነዱት ባለቤታቸው ነበሩ፣ የመጀመሪያውን ማኅተም ያስመቱትም እሳቸው ናቸው። ከኋላው ሁለት፣ ከኋላው አምስት፣ ከኋላው መቁጠር የማይቻል! ረዳቶች ከየበሩ ተንጠልጥለው "ሆስፒታል! ሆስፒታል! አንድ ሰው!" ሲሉ ያ ስንት ወር ጸጥ ብሎ የከረመ አደባባይ በአንድ አፍታ ቀለጠ። እትዬ ቤንዚን እዚያው መንገዱ ላይ እልል አሉ። ሐሙስ ዕለት ፌርማታው ላይ ወረፋ አልነበረም። በሦስት ወር ውስጥ አሠራሩ ለአሥራ አንድ መስመር ተዳረሰ፤ ሲያጭበረብሩ የተገኙ ተራ አስከባሪዎች ባይጠፉም ታክሲ ግን ዳግመኛ አልጠፋም።

የምስጋና ወረቀቱ ለሊቀመንበሩ ተሰጠ። ለሪፖርቱ ሲባል የሹፌሩን ስም ሁለተኛ ተጠይቀው ሁለተኛም እምቢ ስላሉ፣ እትዬ ቤንዚን ከኮሚቴው ተሰናብተው ወደ ቧንቧቸው ተመለሱ። ልጆቻቸው ተንጨርጭረው ነበር። እሳቸው ግን ስቀው "ታክሲ አግኝታችሁ ትምህርት ቤት ደረሳችሁ አይደል? ታዲያ ምን ቀረባችሁ?" አሉ።

በ2010 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሳንባቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው አረፉ። ሆስፒታል ተኝተውም ከአልጋቸው ራስጌ ያለውን የልብ ምት ቆጣሪ ሳያነቡ፣ ነርሶቹንም ሳይቆጡ የዋሉበት ቀን የለም። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት የጻፈችው የበኩር ልጃቸው ለአባቷ አነበበችላቸው። "አንድ ሹፌር አውቃለሁ" የሚለው ላይ ስትደርስ አባቷ በእጃቸው አስቆሟት።

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉ። "በገዛ እጇ የቀዳችልኝን ነበር የምሸጠው። አንድ እሑድ መኪናው ውስጥ ገብታ ቆጣሪውን አየችው፤ ወጥታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ከስብሰባው ስትመለስ 'ሰኞ ቀድመህ ውጣ' ብቻ አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት፣ ተጣልተን እንኳ አላነሳችብኝም። ጻፊው። ሰው ሁሉ ባለበት ይነበብ።"

ልጅቷ ይህን ያወቀችው ያን ቀን ነው። እናቷ የተናገሩትን እንደተናገሩት ተወችው፤ የአባቷንም ቃል እንደታዘዘችው እዚህ ጻፈችው። ባለቤታቸው አሁን ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እየሰሙ ነው።

ፈጣሪ የእትዬ ቤንዚንን ነፍስ ወረፋ በሌለበት ያሳርፍ፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ያብዛ።