አረንጓዴው ቀሚስ ከሣጥን ሲወጣ

ታድዬ፣ ከተለየኸን እነሆ ዘጠነኛው ወር ገባ። እንዴት ነህ አልልህም፤ አንተ ያለህበት ትራፊክ የለ፣ የቤት ኪራይ የለ፣ ምን ትሆናለህ! መከራው ለቀረነው ነው።

ያው እዚሁ ሰው አገር፣ ኪሊማኒ ሰፈራችን ነን። የሻወሩ ማሞቂያ ከተበላሸ ሰነበተ፤ ጥገና የሚሠራው ፉንዲ «ኬሾ፣ ኬሾ» ይለኛል፣ ነገው ግን አይመጣም። የመኪና መለዋወጫ ሱቅህን እኔው ይዤዋለሁ። የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራ እየተምታታብኝ ደንበኛ ሁሉ ይስቅብኛል። ቀስ ብዬ አሳይሻለሁ ስትል ኖረህ ሳታሳየኝ ሄድክ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን በሌላ ነገር ተቃጥዬ ነው። ሜሮን በትምህርት ቤቷ ቴአትር ልትሠራ መሆኗን ነገረችኝና ቀጥላ፣ «እማ ፕሊዝ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሆነሽ እንዳትመጪ። አባ የገዛልሽን አረንጓዴ ልበሺ» አለችኝ። ይህን እህትህ እትዬ አስናቀች እንዴት እንደሰሙ አላውቅም፤ ከአዲስ አበባ ደውለው የባል ከል ሙት ዓመቱ ሳይደርስ አይወጣም፣ ሰው ምን ይላል ብለው ወረዱብኝ። ልጄ በዚያ፣ እሳቸው በዚህ ወጥረው ያዙኝ። ከሁለቱም ይልቅ የተናደድኩት ባንተ ነው። ቀሚሱን ያመጣኸው አንተ አይደለህ?

የገዛህልኝን ያን እሁድ መቼም አልረሳውም። ገበያ፣ ኳስ፣ ቴአትር፣ ሁሉንም በአንድ ቀን! ቀኑ ይበቃናል ብለህ ከቅዳሴ መልስ ምሳ እንኳ ሳታስበላኝ ገበያ ወሰድከኝ። ዝናብ መጣ፣ ቀሚሴ ጭቃ በጭቃ ሆነ። አንዱ ሱቅ አስገባኸኝና ምን ትወጃለሽ እንኳ ሳትለኝ ያን የሚጮህ አረንጓዴ መርጠህ እዚያው አስለበስከኝ። ከዚያ ካሳራኒ ስታዲየም። የት አስቀመጥከኝ? ሰማያዊ ማሊያ በለበሱት ደጋፊዎች መሀል! አረንጓዴዎቹ ጎል ሲያገቡ ዙሪያው ሁሉ ዞሮ እኔ ያገባሁት ይመስል አፈጠጠብኝ። እኔ መግቢያ ጠፍቶኝ አንተ ሆድህን ይዘህ ትስቃለህ።

የቲካ መንገድ ተዘጋግቶ ቴአትሩ ከተጀመረ በኋላ ደረስን። ወንበር ላይ አረፍ ከማለትህ እንቅልፍ ወሰደህ፤ ማንኮራፋትህንስ ተወው! ጭብጨባው ሲቀሰቅስህ ከሰው ሁሉ በላይ አጨበጨብክ። ስንመለስ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ቴአትሩ እንዴት አለቀ ብለህ ጠየቅከኝ። ተኮሳትሬ፣ አልነግርህም፣ መንቃት ነበረብህ አልኩህ። ከዚያ ወዲህ ልታናድደኝ በፈለግክ ቁጥር ያንኑ ትጠይቀኛለህ፤ እኔም አልነገርኩህም።

ትናንት ከሰዓት ቀሚሱን ከሣጥን አወጣሁት። አስቀድሜ ለእትዬ ደውዬ ሐዘኑ ያለው እኔ ውስጥ እንጂ ጨርቁ ላይ አይደለም አልኳቸው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት፤ እስካሁን አልደወሉም። ከስቻለሁና ሰፍቶኛል፣ በመርፌ ቁልፍ ሰብሰብ አድርጌ ኪሌሌሽዋ፣ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ።

ሜሮን መድረክ ላይ ስትወጣ ድምፅ አልወጣ አላት። ቆማ ሰዉን በዓይኗ ፈለገች፣ ፈለገች፣ አረንጓዴው ላይ ስትደርስ አንደበቷ ተፈታ። ያ የጠላሁት ቀለም ከሩቅ የሚታይ መሆኑ ጠቀመን። ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀምጬ ነበር። አንድ ሰውዬ ሰው አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለው አልኩት። ያኔ እንባዬ መጣ።

ቤት ስገባ ጥቁሩን መልሼ ለበስኩ። ዓመቱ እስኪሞላ አላወልቀውም፤ ለሰው ብዬ ሳይሆን ላንተ ብዬ ነው። ልጅህ መድረክ በወጣች ቁጥር ግን አረንጓዴው ይወጣል፣ ከጎኔም አንድ ወንበር እይዝልሃለሁ። እስካለሁ ድረስ ያ ወንበር ያንተ ነው።

ቴአትሩ እንዴት እንዳለቀ ግን አልነግርህም፣ ታድዬ። መቆየት ነበረብህ።