ልጃችን ሰክሮ አልሞተም፦ የካፒቴን ይታገስ ሽመክትን ዕረፍት አስመልክቶ ከቢቸናና ሞጣ የአውሮፕላን ሜዳ ጠባቂዎች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለቢቸናና ለሞጣ ሕዝብ፣ በሁለቱም ከተሞች ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ወሬውን ለሰማ ሁሉ፤

ቢቸና ተወልደው፣ ከቢቸና ሞጣ መድኃኒትና ሐኪም በአየር ሲያመላልሱ የኖሩት ካፒቴን ይታገስ ሽመክት ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ከቢቸና ሜዳ እንደተነሡ የሚያበሯት ትንሽ አውሮፕላን ወድቃ አርፈዋል። የማኅበራችን ሀዘን ከባድ ነው። ከባድ ስለሆነም በሁለት መስመር አንዘጋውም። የምንናገረው አለን።

በዚህ መግለጫ ካፒቴኑን አንቱ እንላቸዋለን። በሕይወት ሳሉ አብዛኞቻችን አንተ ነበር የምንላቸው። ገሚሶቻችን አብረናቸው ስላደግን፣ ገሚሶቻችን በእጃችን ስላሳደግናቸው ነው። አሁን ግን ለሥራቸው የሚገባው ይህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ካፒቴን ይታገስ አብራሪ ሆነው ወደ ቢቸና ሲመለሱ የድሮው የአውሮፕላን ሜዳ የከብት መዋያ ሆኖ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ሄዱት። ድንጋዩን አስለቀሙን፣ የጅብ ጉድጓዱን አስደፈኑን። ማኅበራችን ያኔ ተቋቋመ። መሬቱ የእኛ ነበር፣ ሜዳ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ይህን የሚክድ ካለ ይምጣና ይንገረን።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ሞጣና ቢቸና ሲለያዩ፣ ለወላድ የሚሆን ደም በበረዶ ሣጥን አድርገው አደረሱ። በዚያ ክረምት የዳኑ እናቶች ዛሬ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይልካሉ። ከልጆቹ ይታገስ የተባለ አለ፤ የሙስሊም ልጅ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የሁለቱን ሜዳ ጠባቂዎች ሰብስበው ስለ ትናንሽ አውሮፕላኖች አደጋ አስተማሩን። በሌላ አገር አንዱ አብራሪ የአውሮፕላኑን የጭራ ማሰሪያ ሳይፈታ ተነሥቶ እንደወደቀ፣ ሌላው የነዳጁን ክዳን ሳይዘጋ እንደሄደ ነገሩን። «ሰማዩ የገደለው ጥቂት ነው። ብዙውን የገደለው መሬት ላይ ሳለ ያላየው ነገር ነው» ይሉ ነበር። ከመነሣታቸው በፊት አውሮፕላኗን ዙሪያዋን ዞረው ይዳስሷታል። ከክንፏ ሥር ትንሽ ነዳጅ በብልቃጥ ቀድተው ወደ ብርሃን ያነሡታል። ውሃ ከገባበት ውሃው ከታች ይተኛል፣ በዓይን ይታያል። ይህን ሲያደርጉ ያላየ ጠባቂ የለንም።

እንግዲህ ወደ ቀኑ እንመለስ።

ጥቅምት 13 ቀን ከሰዓት በኋላ ደመናው ስለወረደ ካፒቴኑ ወደ ሞጣ መሻገር አልቻሉም። ቢቸና አደሩ። አውሮፕላኗን ለጠባቂዎቻችን አስረክበው እናታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ ቤት ገቡ። ሌሊት ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ጠባቂዎቻችን አልተኙም፣ ከአውሮፕላኗም አልራቁም። በዚህ እንኮራለን፤ ነገሩ የተበላሸውም ከዚሁ ከኩራታችን ነው።

በአገራችን እንግዳ በቅሎውን አስረክቦ ካደረ ጠዋት የሚጭንለት የቤቱ ባለቤት ነው። እንግዳው የኮርቻውን ጠፍር መልሶ ከነካካ «አላመንኳችሁም» ማለቱ ነው። ጨዋ ሰው እንዲህ አያደርግም። እርካቡን ረግጦ ይወጣል፣ ተመርቆ ይሄዳል። አባቶቻችን እንዲህ ኖረዋል፣ እኛም እንዲሁ። በበቅሎ ላይ ይህ ልማድ ማንንም አልጎዳም፤ ጠፍሩ ቢላላ እንኳ የሚወደቀው ሣር ላይ ነው።

ጠዋት ካፒቴኑ ብልቃጣቸውን ይዘው ወደ ክንፉ ሲሄዱ የሌሊት ጠባቂያችን አቶ ገብረ ማርያም አጠገባቸው ቆመው ነበር። አቶ ገብረ ማርያም የካፒቴኑ የክርስትና አባት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ እኛ ያደርንበትን ልትፈትሽ ነው? ሌባ ሆንን?» አሏቸው።

ካፒቴኑ ሣቁ። «ኧረ አባባ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አሉ።

«ልማድህን እሰው አገር አድርግ። እዚህ አገርህ ነው» አሏቸው።

ሊመርቁ የቆሙት ሽማግሌዎች ሣቁ፣ እኛም ሣቅን። ካፒቴኑ ብልቃጡን ኪሳቸው ከተቱ፣ ጎንበስ ብለው ተመረቁ፣ ወጡ። ዝናቡ ግን ላልቶ በነበረው የነዳጅ ክዳን በኩል ገብቶ ኖሯል። አደጋውን የመረመሩት ባለሙያዎች ከነዳጁ ውስጥ ውሃ አግኝተዋል። አውሮፕላኗ ከሜዳው ጫፍ ሳትርቅ ሞተሯ ጠፋ።

አብረዋቸው የነበሩት የሞጣዋ ነርስ ሲስተር ጸደንያ እግራቸው ተሰብሮ ተርፈዋል። «ሞተሩ ሳል ሳል አለው፣ ከዚያ ዝም አለ። 'ቀበቶሽን አጥብቂ' አሉኝ። ቤቶቹን ትተው ወደ ጤፉ ማሳ አዞሯት። ሌላ ቃል አልተናገሩም» ብለውናል። ያንን ማሳ ያላዩ ይዩት። ከማሳው በላይ ያሉት ቤቶች አንድ ሣር እንኳ አልተነቀለባቸውም።

ቀብሩ በተፈጸመ በሳምንቱ ወሬ ተነሣ። «ካፒቴኑ ማታ ሲጠጡ አድረው፣ ጠዋት በስካር ተነሥተው ነው» የሚል ነው። ከሮብ ገበያ እስከ ግንደወይን ያልደረሰበት ከተማ አልቀረም። ወሬው ከየት እንደወጣ እናውቃለን። ከእኛው ደጃፍ ነው የወጣው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እውነቱን ያዩት አባሎቻችን ዝም ሲሉ፣ ያላዩት ባዶውን ቦታ በጠላ ሞሉት። እኛ የምንመሰክረው ይህን ነው፦ ካፒቴን ይታገስ ለበረራ ዋዜማ መጠጥ አይቀምሱም ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ጠባቂዎቻችን ያቀረቡላቸውን ጠላ ከንፈራቸውን ሳያስነኩ ነው የመለሱት። ማታ ቤታቸው የነበሩ ጎረቤቶችም በእራት ላይ ውሃ ብቻ እንደጠጡ መስክረዋል።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ወደ ማኅበራችን ስብሰባ መጡ። ወንበር ብንሰጣቸው አልተቀመጡም። «አፈሩን እናንተ አለበሳችሁት፣ እግዜር ይስጣችሁ። የለበሰውን ወሬ ግን ማን ይግፈፍለት? እኔ ገበያ መውጣት አቃተኝ» ብለው ሄዱ። እርሳቸው ወጥተው ከሄዱ በኋላ ስብሰባው እንደ ስብሰባ አልቀጠለም።

የሞጣው ተወካያችን አቶ ባንተአምላክ ቀና ልብ ያላቸው ሰው ናቸው። «አልጠጣም ብለን እንጻፍ፣ ይበቃል። ለምን ወደቀ ያለ እንደሆነ ቀኑ ደርሶ ነው እንበል። የሞተ አይመለስ፣ በሕይወት ያለ ሽማግሌ ስም ለምን ይነሣል?» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

አቶ ገብረ ማርያም ተነሡ። ዱላቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ። «ቀኑማ ደርሷል። ያደረሰው ግን የእኔ አፍ ነው። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ምክንያቱን ካልነገራችሁት ሕዝቡ መልሶ ጠላውን ያመጣል። ስሜን ጻፉት፤ ከነአባቴ ጻፉት።»

አቶ ባንተአምላክ «ሰው ይጠቋቆምብዎታል» ቢሏቸው፣ «ይጠቋቆም። በሞተ ልጄ ላይ ከሚጠቋቆም እኔ ላይ ይሻላል፤ እኔ ቢያንስ መልስ አለኝ» አሉ።

ስማቸው ገብረ ማርያም ወልደ ኪዳን ነው። እነሆ ተጻፈ። በእርሳቸው ላይ የሚዘባበት ግን ከማኅበራችን ጋር ይጣላል። የተናገሩት እርሳቸው ይሁኑ እንጂ የሣቅነው ሁላችንም ነን። አንዳችንም «ተው፣ ይፈትሽ» አላልንም። በልማዱ ሁላችን እኩል ባለቤት ነን፣ በጥፋቱም እንደዚያው።

የማኅበራችን ጸሐፊ መምህርት ማስተዋል በመጀመሪያው ረቂቅ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብለው ነበር። ያ ይሰረዝ ብለናል። ሞተር በራሱ ውሃ አይጠጣም። ያልታየ ውሃ ነው፤ ያልታየውም አብራሪው ስለማያውቁ ሳይሆን እኛን እንዳያስቀይሙ ብለው ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ወስኗል። ከእንግዲህ በቢቸናም በሞጣም ሜዳ አብራሪው አውሮፕላኑን ዞሮ ሳይጨርስ፣ ነዳጁንም ቀድቶ ሳያይ በዙሪያው ከምንዘረጋው ገመድ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም። ሽማግሌ ሆነ ቄስ፣ ሼክ ሆነ ባለሥልጣን ከገመዱ ውጭ ይቆማል፤ አብራሪውንም አያናግርም። ምርቃት የሚሰጠው ፍተሻው ሲያልቅ ነው፤ ምርቃት ቢዘገይ አይሻግትም። አብራሪው በይሉኝታም ሆነ በችኮላ ፍተሻውን ከተወ ጠባቂዎቻችን እንዳይነሣ ያደርጋሉ። «ጠብቀን አድረን ተፈተሸብን» ብሎ የሚከፋው ጠባቂ ካለ ሌላ ሥራ ይፈልግ። ማኅበራችን ስንብቱን በክብር ይሰጠዋል።

ደንቡ ወረቀት ላይ እንዳልቀረም ሕዝቡ ይወቅ። ኅዳር ላይ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ክትባት ይዛ ቢቸና አድራ ነበር። አብራሪው ወጣት ናቸው፣ ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲጠብቋቸው ጊዜ አፈሩና አንዱን ክንፍ እንዳዩ ወደ በሩ አመሩ። አቶ ገብረ ማርያም ከገመዱ ማዶ ሆነው ዱላቸውን ወደ ሁለተኛው ክንፍ አነሡ። «ያኛው የጎረቤት ነው እንዴ?» አሏቸው። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ አብራሪውም ሥቀው ተመለሱ፣ ጎንበስ ብለው ቀዱ፣ ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩ። ፍተሻ ላይ አብራሪ ማናገር በደንባችን የተከለከለ ነው። ደንቡን መጀመሪያ የጣሱት አቶ ገብረ ማርያም ሆኑ፤ ለዚህ ግን አልቀጣናቸውም። አውሮፕላኗ ሞጣ በሰላም ገባች።

ማኅበራችን ለካፒቴን ይታገስ ሽመክት ቤተሰብ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በመድኃኒቱ ለዳኑ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለሲስተር ጸደንያም ምሕረትን። ይህ መግለጫ በሁለቱ ከተሞች አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ደጃፍ፣ በገበያ ቀንም በድምፅ ማጉያ እንዲነበብ አዝዘናል። ወሬው በሄደበት ሁሉ እውነቱ በእግሩ ይድረስበት።

ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ገበያ ይውጡ። ቀና ብለው ይውጡ። ልጅዎ ሰክሮ አልሞተም፤ እኛን አክብሮ ነው የሞተው። ከእንግዲህ እንዲህ አድርጎ የሚያከብረን አብራሪ አንፈልግም።

የቢቸናና ሞጣ የአውሮፕላን ሜዳ ጠባቂዎች ማኅበር
ቢቸና፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.