ለማ ሦስትን የነካሁበት ሰሞን

መጋቢት 4
ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ድምፄ ተዘግቷል። ዘጠነኛ "ሀ" ዛሬም ክፍልፋይ ላይ ቆሟል። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ... የማታ ተማሪነት ይሄው ነው። የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ከእንግዲህ ላቴክ በሚባለው የኮምፒውተር መጻፊያ ካልተዘጋጀ አንቀበልም ይላል። ሥልጠናው ቅዳሜ ቅዳሜ።

አማካሪዬ አንብበው ሳቁ። ተማሪዎች "እርሳሱ" ነው የምንላቸው፤ በእጃቸው ሌላ መጻፊያ ያየ የለም። "ምን አስጨነቀሽ? ለጽሕፈት ቤት ልጆች ስጪያቸው፣ ይተይቡልሻል። በአርባ ሦስት ዓመትሽ ኮምፒውተር ልትማሪ?"

አዎ፣ ልማር። ዕድሜዬን ማን ጠየቃቸው?

መጋቢት 7
አሠልጣኟን ሳይ ክው አልኩ። የራሴ የድሮ ተማሪ! "ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት?" አለች። ስንት ጊዜ በወሬ ከክፍል አስወጥቻታለሁ... ዛሬ እሷ ቆማ እኔ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንደ ሌላው ጽሑፍ እያዩ የሚያሳምሩት አይደለም። ትእዛዝ ይጻፋል፣ ማሽኑ ገጹን ይሠራል። ለእያንዳንዱ ቲዎረም፣ ማለት ለሚረጋገጠው የሒሳብ ሐሳብ፣ መለያ ትሰጪዋለሽ፤ ሌላ ቦታ በመለያው ስትጠሪው ቁጥሩን ራሱ ያስገባል። የመጀመሪያ ሙከራዬ አርባ ስህተት አወጣ። ላብ አጠመቀኝ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችና፣ "ቲቸር፣ የረሱት አንድ ቅንፍ ነው። ሠላሳ ዘጠኙ የሱ ልጆች ናቸው" አለች።

መጋቢት 8
እሑድ። ልብስ እያጠብኩም ቅንፍ ስቆጥር ዋልኩ።

ሚያዝያ 5
ጨረስኩ። ስልሳ ሁለት ገጽ፣ በገዛ ጣቶቼ። አትሜ ቤት ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የእጅ ሥራ ያውቃል። ገጹን ወደ መስኮቱ አዙሮ ዳርና ዳሩን አየ። "ንጹሕ ነው" አለ። ከሱ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ቀጥሎ ግን፦ "ይሄ ለማ ለማ የምትይው ማነው? ሰውዬው በየገጹ አለ።"

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ለማ ማለት ትልቁን ቲዎረም ለማረጋገጥ የምትረዳ ትንሽ ቲዎረም ናት አልኩት። "እንዲያ ከሆነ ይሁን" አለ፣ ያልተዋጠለት መስሎ።

ሚያዝያ 19
ሥልጠናው ወደ ፕሮግራም መጻፍ ተሸጋግሯል፤ ቋንቋው ፓይተን ይባላል። የቤት ሥራው፦ ከጽሑፋችሁ አንድ ነገር ምረጡና በብዙ ቁጥሮች ፈትሹት። ለማ ሦስትን መረጥኩ። የእርሳሱ ናት፤ ከሃያ ዓመት በፊት በመጽሔት ያሳተሟት። የኔ ጽሑፍ ጠቅላላ እሷ ላይ ነው የቆመው። ለማንኛውም ጎዶሎ ቁጥር ትሠራለች ትላለች። እሳቸው በእጃቸው እስከ 199 ሞክረዋል።

እኔ እስከ አሥር ሺህ ፈትሸህ ያልሠራችበትን ቁጥር ጻፍ ብዬ አዘዝኩት። ባዶ ስክሪን ነበር የጠበቅኩት። አንድ ቁጥር ብቻ ጻፈ።

3465።

ፕሮግራሙን አበላሽቼ ነው... መቼም እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 20
በእጄ ሠራሁት። ሰባት ገጽ ወረቀት። ያው 3465። ለማዋ አትሠራም።

ሚያዝያ 23
ነገርኳቸው።

"ማሽኑ ነው የተሳሳተው።"
"በእጄም ሠርቼዋለሁ ዶክተር።" ሰባቱን ገጽ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። አልነኩትም።
"እዚያ ድረስ ማን ይቆጥራል? ማስረከቢያው ግንቦት 30 ነው። አስረክቢና ተመረቂ።"
"ስህተት መሆኑን እያወቅኩ?"
እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ። "ለማ ሦስትን ከነካሽ እኔ አልፈርምም" አሉ።

ያለ ፊርማቸው አንድ ዓመት መጠበቅ ማለት ነው። መምህራን ኮሌጁ መስከረም ላይ ሊቀጥረኝ ቦታ ይዞልኛል፤ ዲግሪውን ይዤ ከመጣሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ስተነፍስ የጠበቅኩት ቦታ ነው።

ሚያዝያ 24
እውነቱን ልጻፍ... ፈተነኝ። ማን ያውቃል? እኔና አንድ ቁጥር። ኮሌጁ ገብቼ ስሠራ ታየኝ፤ የራሴ ቢሮ፣ የራሴ መስኮት። ቀኑን ሙሉ ሐሳቡ እየጣፈጠኝ ዋለ። ከዚያ በራሴ በገንኩ። በሳቸውም በገንኩ። ደግሞ እኮ ማሽኑ ነው የተሳሳተው ይሉኛል!

ሚያዝያ 26
ኮምፒውተር ክፍል ገብቼ ለማ ሦስትን ከፋይሉ ቆርጬ አወጣሁ። ገጹን እንደገና ሠራሁት። "በለማ 3 መሠረት" የሚለው ሁሉ "በለማ ?? መሠረት" ሆኖ ወጣ። የጠራሁት ሰው ጠፍቷል ማለቱ ነው። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ቦታ። በእጅ ጽፌው ቢሆን ስንት ቦታ እንደተደገፍኩባት መቼ አውቅ ነበር?

ልጅቷ መጣች። "ቲቸር፣ ምን አደረጉ? መልሰው ያስገቡት፣ ሁሉም ይጠፋል።"
"መጥፋቱንማ አውቃለሁ።" ነገሩን ነገርኳት።
አጠገቤ ተቀመጠችና፣ "ዘጠነኛ ክፍል መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ገልብጬ ዜሮ ሰጡኝ፤ ያስታውሳሉ? መልሱ ልክ ነበር እኮ" አለች።
"መንገዱን አላሳየሽም ነበራ።"
"እኔም ያንን ነው የምልዎት።"

የምትናገረውን ታውቃለች፣ ጉደኛ።

ግንቦት 12
ይዤዋለሁ! የሳቸው ማረጋገጫ የሚሰበርበትን መስመር አገኘሁ። ቁጥሩ ለሦስት ሲካፈል ነው ነገር የሚበላሸው። "ለሦስት የማይካፈል" የሚል ቅድመ ሁኔታ ጨመርኩ። እስከ መቶ ሺህ ፈተሽኩ፤ ንጹሕ። ንጹሕ መሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ አረጋገጥኩት። ማረጋገጫው የኔ ነው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ቆሙ፣ ሁለቱ ወደቁ፣ ምዕራፍ አራትም አብሯቸው ሄደ። ስልሳ ሁለት የነበረው አርባ ሰባት ገጽ ሆነ።

ምዕራፍ አራትን ዓይኔን ጨፍኜ ሰረዝኩት። አራት ወር ነው የደከምኩበት።

ግንቦት 28
አርባ ሰባቱን ገጽ ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ። ሽፋኑን አዩ፣ ማውጫውን አዩ። ለማ ሦስት ጋ ሲደርሱ ዘጉት።

"ዓመት ያልፍብሻል።"
"ይለፍብኝ። ያላመንኩበትን ወረቀት ይዤ ልጆች ፊት አልቆምም።"
"ለመሆኑ ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ታውቂያለሽ?"
"አውቃለሁ ዶክተር። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ቁጥሯን በእጅዎ ይሥሯት።"

ገጾቼን ሰብስቤ ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ወርውሬ ብዘጋው ደስ ባለኝ።

ግንቦት 30
ማስረከቢያው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ አለፈ። አላስረከብኩም።

ሰኔ 3
ከኮሌጁ ተደወለ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። "እናዝናለን" አሉ፤ በጣም ትሁት ሰዎች ናቸው።

አለቀስኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ ሰምቶ ቧንቧውን ዘጋው።
"አንቺ ሴትዮ፣ መቼም ግትር ነሽ።"
"ጥፋተኛ ነኝ?"
"እንዲያ አላልኩም። ግትር ነሽ ነው ያልኩት። እኔም ስህተቱን እያየሁ ሱሪ አላስረክብም።" ፎጣ አቀበለኝ።

ሰኔ 15
ቅዳሜ። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ ሥልጠናው አልቋል፣ እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም። በሩ ተከፈተ። እርሳሱ። እዚህ ክፍል ገብተው አያውቁም። ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ አለች።

አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ከቦርሳቸው ብዙ ወረቀት አወጡ፤ ሁሉም በእጃቸው የተጻፈ፣ ተሰርዞ የተደለዘ።
"ሦስት ጊዜ ሠራኋት" አሉ። "ሦስት ጊዜም እንቢ አለችኝ።"
ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ።
"ለመጽሔቱ ጽፌያለሁ። ስህተቱን ያገኘችው ተማሪዬ ናት ብዬ።" ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። "እስቲ፣ ያንን ነገር አሳዪኝ።"

ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ቁልፉን ራሳቸው እንዲጫኑ እጄን አነሳሁ። በአንድ ጣት ተጫኑ። ቁጥሯ ወጣች። እኔ ሰባት ገጽ፣ እሳቸው ያን ሁሉ ወረቀት የፈጀንባት ቁጥር በዓይን ቅጽበት። ጠጋ ብለው አዩዋት። "ሃያ ዓመት" አሉ፣ ለራሳቸው።

ከዚያ ጽሑፉን አምጪ አሉኝ። የዘንድሮው ማስረከቢያ እንዳለፈ ነገርኳቸው። "አውቃለሁ። ያሳለፍኩብሽ እኔ ነኝ" አሉ፣ ፈረሙም። ይቅርታ የምትለው ቃል ግን አልወጣቻቸውም። አልጠበቅኳትም።

ሲሄዱ ፋይሉን ከፈትኩ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመት በአንድ ጨመርኩ። ኮሌጁ አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው፤ ይቆጨኛል። ከዓመቱ በቀር ግን አንድ መስመር አልነካሁም።