ከቀርሳ እስከ ላንጌ

አቶ ፍፁም ደጀኔ የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ የእግዚአብሔርን ምሕረት በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ቦታ አድርገው ያዙት። በዚህም ሠላሳ ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ርቀው ኖሩ። ቤተሰቡ ይህ በሕይወት ታሪካቸው ተድበስብሶ እንዲታለፍ አልፈለገም።

አቶ ፍፁም ከአባታቸው ከአቶ ደጀኔ ወሰኔ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አፀደ ተክሌ በ1950 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ጀጎል ውስጥ፣ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው በሚሠሩበት መኪና ግርግር በተባለው መንገድ፣ የልብስ ስፌት ተምረው እስኪታመሙ ድረስ ሠሩበት። የሰፉት ሱሪ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም። በ1981 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሩት ኃይሌ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ።

በ1985 ዓ.ም. ወ/ሮ ሩት ሦስት ቀን ሲያምጡ፣ አቶ ፍፁም እናትና ልጅ ከተረፉ ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ቁልቢ ገብርኤል በእግራቸው ሊሄዱ ተሳሉ። ሁለቱም ተረፉ፤ ሕፃኑም ልደት ተባለ። በታኅሣሥ 1986 መንገድ ጀመሩ። ቀርሳ ሲደርሱ እግራቸው ተልጦ መርገጥ አቃታቸው። ተሳላሚ ጭነው የሚያልፉት ጎረቤታቸው አቶ ሀሚድ ፔጆ መኪናቸውን አቁመው ግባ አሏቸው። ገቡ። ላንጌ ላይ ጸጽቷቸው ወረዱና የቀረውን በእግራቸው ጨረሱ። በግንቦት ልደት በኩፍኝ ሞተ።

አቶ ፍፁም ሁለቱን ነገር፣ መሳፈራቸውንና የልጃቸውን ሞት፣ አንድ ላይ ሰፉት፤ ስለቴ ሳይሞላ አልቆርብም አሉ።

እስከ 2014 ዓ.ም. በየዓመቱ እንደገና ሄዱ፤ አንዱም ጉዞ አልሞላላቸውም። በ1992 ብርድ ሸሽተው ሰው ቤት ተጠለሉ። በ1998 አንዲት ሴት ጓዛቸውን አገዘቻቸው። በ2005 ዱላ ስለያዙ በገዛ እግሬ አልሄድኩም አሉ። ሲወጡም የቤታቸውን በር ገርበብ አድርገው ነበር የሚተዉት፤ ነገር ከተጓደለ ተመልሰው ከደጃፉ ሊጀምሩ። ወ/ሮ ሩት ብቻቸውን ሲቆርቡ እሳቸው ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ይቆማሉ። ኋላ የተወለደችው ልጃቸው ማኅሌት አባቷን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳታይ አደገች።

አቶ ሀሚድ ነገሩ እንቅልፍ ነስቷቸው ስንት ጊዜ ለመኗቸው። «ወላሂ፣ ያሳፈርኩህ እኔ፣ የነዳሁት እኔ። ጠያቂ ካለ እኔን ይጠይቅ፤ አንተ ተሳፋሪ ነህ» ይሏቸው ነበር። የንስሐ አባታቸው ቀሲስ ደረጀም ጾሙም መንገዱም መልካም መሆኑን፣ ምሕረት ግን በዚያ እንደማይገዛ ደጋግመው ነገሯቸው። በመጨረሻ ተቆጡ። «ልብሱን አንተ ሰፍተህ እግዚአብሔርን ልታለብሰው ነው እንዴ? እሱ ሰፍቶ ይዞልህ ቆሟል፤ እጅህን አስገባ!» አቶ ፍፁም ግን ልኬ አይደለም አሉ።

በ2015 ዓ.ም. ልባቸው ደከመ፣ እግራቸው አበጠ፤ እዚያው ጀጎል ያለው ፈረስ መጋላ አደባባይ መድረስ እንኳ ተሳናቸው። መሄድ አይችሉም፤ ሳይሄዱ መቀበል ደግሞ አይሆንላቸውም። ሁለት ዓመት በዚህ መሃል፣ አቦከር ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ።

አቶ ፍፁም ሥጋ ወደሙ በተቀበሉ በስድስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውንና አንዲት ሴት ልጃቸውን ትተዋል። ያልደከሙበትን ዕረፍት የሚሰጥ አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን።

እንዴት ተቀበሉ ለሚል፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። ታኅሣሥ 19፣ የገብርኤል ዕለት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ተነሡ። ከዓርብ ቀትር ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ወ/ሮ ሩት ወደ ቁልቢ ሊነሡ መስሏቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«እግርህን አይተኸዋል?»

«ቁልቢ አይደለም፤ መድኃኔዓለም ነው የምሄደው። ሀሚድን ጥሪልኝ፤ መኪናውን ያቅርብ።»

ወ/ሮ ሩት በመኪና መሆኑን እንደገና ጠየቁ። አዎ፣ በመኪና አሉ። የመንገድ ጫማቸው በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው፤ ያበጠው እግራቸው ስለማይገባለት በነጠላ ጫማ ወጡ። ወ/ሮ ሩትና ማኅሌት ነጠላቸውን ሲፈልጉ ከደጅ የፔጆው ሞተር ተሰማ። ሁለቱ ከወጡ በኋላ አቶ ፍፁም የቤቱን በር እጀታ ይዘው ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ በሩን ግጥም አድርገው ዘጉት።