ቁጭ ብለን ሳለ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለታላቄ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ እህል መቅመስ ጀመረች ወይስ አሁንም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው? እኔ በቁሜ አለሁ። ጽሕፈቴ የተንጋደደው ክንዴ አብጦ ስለሰነበተ ነው፤ ሰክራ ነው እንዳትል።

ሥራዬን ስታሾፍበት ኖረሃል። የሰፈርሽን ሳታውቂ የዓለምን ጤና ታስተምሪያለሽ ትለኛለህ። ለሕክምና ተማሪዎቼ በየዓመቱ መጀመሪያ የምነግራቸው ነገር ግን ካንተ የተወሰደ ነው። አባባ የታመመ ጊዜ ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ እንደማይድን ነግሮን ሄደ። አንተን ከሞቱ ይልቅ ያ ቁልፍ አንገበገበህ። ምናለ ቁጭ ብሎ ቢነግረን እያልክ ግድግዳውን በቡጢ ስትደበድብ ትዝ ይለኛል። እኔም ስለ ድህነትና ስለ ወረርሽኝ ከማስተማሬ በፊት፣ የታመመ ሰው ቤት ስትገቡ ቁጭ በሉ፣ ቆማችሁ አትጠይቁ እላቸዋለሁ።

ያን ቀንም ቁጭ ብለን ነበር። ኮሌራው የበረታው በናንተ ሰፈር ስለሆነ ተማሪዎቼን ይዤ መጣሁ። ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ነውና፣ ሰው ለኮሌራው የተተከለውን የሕክምና ድንኳን ለምን እንደሚፈራው ከራሱ አፍ እንዲሰሙ ፈልጌ ነው። ከቦኖው አጠገብ ካሉት አሮጊት ደጃፍ ላይ መሬት ተቀምጠን ስናወጋ ፉጨት ሰማሁ። የመጀመሪያው ድንጋይ ሳቂታን አገኛት። ሳቂታ የምንላት ከኋላዬ ተቀምጣ የነበረችው ተማሪዬ ናት፤ ክፍል ውስጥ ስንቴ አፍሽን ዝጊ እንዳልኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ዓይኗ ፈሰሰ። በመዳፌ ደግፌ ልይዘው ሞከርኩ፤ በጣቶቼ መሃል ሲወርድ ይሞቅ ነበር።

ከዚያ ድንጋዩ እንደ በረዶ ወረደብን። የቆመ ሰው ይሮጣል፤ የተቀመጠ ግን መጀመሪያ መነሳት አለበት። ልጆቼ እየተደናቀፉ አንዱ ባንዱ ላይ ወደቁ። ከየቤቱ የወጡት ሰዎች ሹፌራችንን ከመኪናው ጎትተው አውጥተው ጀርባውን በብረት ቀጠቀጡት። ሬሳችንን በላስቲክ ጠቅልለው የሚጥሉት እነዚህ ናቸው ይሉ ነበር። አሮጊቷ አንዱን ተማሪ በሰውነታቸው ሲከልሉት እጃቸው ተሰበረ። መኪናው ነደደ። ፖሊስ ተኩሶ ሲበትናቸው እኔ የሰው ጥርስ ረግጬ ቆሜ ነበር፤ የማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።

የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረውን ሰው አይቼዋለሁ። ከግንቡ ጥግ ቆሞ በግራ እጁ ነው የወረወረው። ያን እጅ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆነን ከጎረቤት ዛፍ ፍሬ ሲያወርድልኝ አንድ ጊዜ እንኳ ስቶ አያውቅም። ያን ቀን የሳተው እኔ የወደቀብኝን እስክሪብቶ ላነሳ ጎንበስ ስላልኩ ነው። ለእኔ የመጣውን ሳቂታ ተቀበለች።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። እኔም ድንጋይ አነሳሁ። የሰው ቁጣ ምክንያት አለው እያልኩ ስሰብክ የኖርኩት ሴትዮ፣ የዚያ ሰው ጭንቅላት ተፈርክሶ ማየት ፈለግሁ። ያ እጅህ ይቆረጥ ብዬ ወረወርኩ። ግንቡን መታሁ። ስወረውር መቼም ታውቀኛለህ።

ሚጢጢን ወደ ድንኳኑ ውሰዳት ብዬ የለመንኩህ እኔ ነኝ። ዛሬም ብትጠይቀኝ ውሰዳት እላለሁ፤ ቤት የቀሩት ልጆች ምን እንደሆኑ አይተሃል። ግን ልጅህን ፊቷን ሳታይ፣ የት እንደቀበሯት ሳታውቅ ቀረህ። መርዶውን የነገሩህም በአጥሩ ላይ፣ ቆመው መሆኑን ሰምቻለሁ። ይህ የደረሰበት አባት ምን እንደሚሆን ለተማሪ ማስረዳት እችላለሁ። የሳቂታ እናት ፊት ግን ቁጭ ብዬ እግሯን ሳምኩ።

ፖሊሱ ማን እንደወረወረ ሲጠይቀኝ ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ ነበር አልኩት። አላመነኝም፤ ዓርብ እመለሳለሁ ብሏል። ሁለተኛ ግን አልዋሽም። የእናቴን ልጅ እወዳለሁ፤ የዚያችን ልጅ ፋሻ ስቀይር ደግሞ እጠላዋለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ሳቂታ ክስ አልመሠረተችም። የወረወረውን ካወቁት ይምጣልኝና ለምን እንደሆነ ልጠይቀው አለችኝ። ከተማሪዎቼ ሁሉ ትምህርቴን ከልቧ የተቀበለችው እሷ ሆና ተገኘች።

ሆስፒታል ውስጥ የተኛችበት ክፍል ከደረጃው በስተቀኝ ያለው የመጀመሪያው በር ነው። በደህና ዓይኗ በኩል፣ ካልጋዋ አጠገብ ወንበር አስቀምጫለሁ።

የሚጢጢን ነፍስ በገነት ያኑርልን። ለባለቤትህ ብርታቱን ይስጣት። አንተንም እግዚአብሔር እስከ ዓርብ ልብ ይስጥህ። ስትመጣ ግን ቆመህ እንዳታናግራት።

የእናትህ ልጅ፣
ታናሽ እህትህ