ከቤቴ ጀርባ የተሰቀለው ቀፎ

ይድረስ ለውድ አማቴ፤ ኧረ ምን አማቴ፣ ለእናቴ።

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ? ያ ደረጃ አሁንም ያንገላታዎታል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። ዝናቡ እንደሚያውቁት ነው፤ እዚህ ጫካ ውስጥ አባርቶ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ስለሆነ ሲወርድ ድምፄ አይሰማም፤ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ በእጄ ምልክት አስተምራለሁ። ልጆቹ ተመችቷቸዋል።

ባለፈው፣ ልጅዎ ካረፈ በኋላ ምን ይዞሽ እዚያ ቀረሽ ብለው ጽፈውልኝ ነበር። የያዙኝ የጫካው ሰዎች ናቸው። ልጅዎ የሞተ ሰሞን ተራ ገብተው አብረውኝ አደሩ። አይዞሽ እንኳን አይሉም፤ እሳት ያነዳሉ፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እንደዚያ ያጽናናኝ ሰው የለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ እያፈርኩ ነው የምጽፈው። እዚህ ሰፈር አንድ ንብ አናቢ አለ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ሰው። ባለፈው ወር ቀፎ ተሸክሞ መጣና ከቤቴ ጀርባ ያለውን ዛፍ እያሳየ ልስቀል ወይ አለኝ። ምን ይጎዳኛል ብዬ እሺ አልኩት። እንዲያውም ገመዱን እኔው ሳብኩለት። ሰፈርተኛው ቆሞ ሲያየኝ ጉልበቴን ያደነቀ መስሎኝ ጭራሽ አጥብቄ እስባለሁ።

በማግስቱ ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤቴ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነገረችኝ። እዚህ ወንድ ሴት ደጅ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ላግባሽ ሲል ነው። ካልፈለገች አውርድ ትለዋለች፤ ያወርዳል፣ ቅያሜ የለም። ንቦቹ እስኪገቡ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው። ገመድ የሳበች ሴት ግን በዕድሜዋ አይታ አታውቅም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አውርድልኝ ልለው ስንት ጊዜ ተነሣሁ፤ አንዴ ደብተር የማርመው አለኝ፣ አንዴ ራሴን አመመኝ። የልጅዎ ኮት ዛሬም በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። እሱን ባየሁ ቁጥር ለቅሶው ላይ እጄን ይዘው፣ ከእንግዲህ ልጄ አንቺ ነሽ ያሉኝ ትዝ ይለኛል። ይህን ቃል ከማጣ ሁሉም ቢቀርብኝ ይሻላል።

ስለዚህ ትናንት ቆርጬ ነገርኩት። ሳይቀየም ገመዱን ይዞ መጣ፤ ዛፉ ላይ ወጣና ጆሮውን ቀፎው ላይ አድርጎ ቆየ። ንቦቹ ገብተዋል፣ ግን አንቺ ካልሽ አወርደዋለሁ አለኝ። በዝናብማ ቤታቸውን አታፍርስባቸው፣ ሲያባራ ታወርደዋለህ አልኩት። ሳቅ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

እናቴ፣ መልስዎን ዓይኔ እስኪቀላ እጠብቃለሁ። የማሩ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ይምጡልኝ። ጭቃውን አይፍሩ፤ መኪና መቆሚያው ድረስ መጥቶ የሚቀበልዎ ሰው አለ። ብዙ አያወራም፤ ክንድዎን ግን አጥብቆ ይይዛል።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ቤትዎን ሰላም ያድርገው።

አሁንም ልጅዎ ነኝ